የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ

ቃለሕይወት የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ግድግዳው ቁም ሣጥን ሲጠጋ፣ ስኳሩ ያለበት በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ አገኘ። ማታ ሲተኛ አልነበረም። አዲስ ነው፤ የፋብሪካ ዘይቱ እንኳ ገና አልደረቀም፤ ለስኳር ቀርቶ ለእህል መጋዘን የሚበቃ። ዞር ብሎ አክስቱን ጽጌማርያምን ቢያያቸው ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ሳል አልለየለትም። ባለቤታቸው ጋሽ ወርቅአገኘሁ ግን ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይበላሉ፤ ብርጭቆአቸው ውስጥ ማንኪያው ሳይነካ የቆመ ይመስላል፣ ስኳሩ እንዲያ በዝቶ።

«ምን ፈለግህ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ስኳር ነበር ጋሼ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለሻይ ነዋ።»

«በዚህ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ሰው የሚሰጠው ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው» አሉ፣ ዳቦአቸውን እየገመጡ። «የአንተ ሥራ ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ ስኳር አይልስም። የግድ ካስፈለገህ ምክንያትህን ግለጽ፤ ተጠንቶ ይፈቀድልሃል።»

ቃል በቃል የራሱ ንግግር ነበር። ባለፈው ሳምንት በሎጁ የምግብ አዳራሽ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ ዓይኑን ከጣሪያው ላይ ሳያነሳ የተናገረው ነው። ያን ቀን ጋሽ ወርቅአገኘሁ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ሲነቀንቁ የተስማሙ መስሎት ነበር። ለካ እያጠኑት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለው የወይራ ጥላ ሎጅ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ባለፈው ገና፣ እንግዳው ከየአገሩ ሊገባ ሲል፣ የሎጁ ኮምፒውተሮች በአንድ አዳር ታመሙ፤ ፋይሉ ሁሉ ወደማይከፈት ቁራጭ ምልክት ተለወጠ፤ ማን የትኛውን ክፍል እንደያዘ የሚያውቅ ጠፋ፤ ሁለት ቡድን አንድ ቁልፍ ተሰጥቶት በር ላይ ተገናኘ፤ ከሩቅ የመጡ አሮጊቶችም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ተገፍቶላቸው አደሩ። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ጥፋቱን በመብራት ኃይል አሳበቡ። የካርታ ጨዋታ ያለበትን ፍላሽ ከፊልም ቤት ተውሰው ያመጡት እሳቸው መሆናቸውን ግን ከግቢው ዘበኛ ጀምሮ የማያውቅ የለም። የሎጁ ባለቤት ወይዘሮ ሙሉሃብት አዲስ አበባ ሆነው ሲሰሙ ጊዜ «ኮምፒውተር የሚጠብቅ ሰው ቅጠሩ» አሉ፤ ጽጌማርያም የእህታቸውን ልጅ ከወገል ጤና አስጠሩ፤ ቃለሕይወትም ለሙከራ ተቀጠረ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሁሉንም ተራ ተጠቃሚ ማድረግ ነበር። ከእሱ በቀር አዲስ ፕሮግራም የሚጭን የለም፤ ፍላሽ የሚከፍት የለም። «አድሚን» የሚባለው ሙሉ ሥልጣን በእሱ እጅ ብቻ ቀረ። የአክስቱ ባልም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ የሚያበሉት የሚያጠጡትም ጋሽ ወርቅአገኘሁ ተራ ሆኑ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ አያናግሩትም፤ ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ በሚስታቸው በኩል ነው።

ዛሬ ጠዋት ግን አናገሩት። አፋቸውን ጠራርገው፣ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ጠረጴዛው ላይ አንዴ አንኳኩ።

«ዛሬ ማታ ወይዘሮ ሙሉሃብት ይደውላሉ። የሙከራ ጊዜህ አልቋል። ይቀጥል ወይስ ይሂድ ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። የዚህ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፤ የኮምፒውተሬ ቁልፍ አንተ ዘንድ ነው። አድሚኑን መልስልኝ፤ ሌላ ምንም አልልህም።»

ቃለሕይወት መራራውን ሻይ ቆሞ ጨለጠው። ወገል ጤና መመለስ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፦ እናቱ ገበያ ላይ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ «ልጄ ሥራ ይዟል» ብለዋል፤ ሲመለስ ደግሞ ያው ጎረቤት ምንም ሳይጠይቅ፣ ሁሉን እንዳወቀ ሰው በትህትና ሰላምታ ይሰጠዋል። ያ ትህትና ከስድብ የከፋ ነው። ሊወጣ ሲል አክስቱ በሩ ላይ ያዙት። «ዛሬ ሃያ አንድ ነው፤ ማኅበሩ እኛ ቤት ነው። ከቀትር በኋላ ሁላችሁም እንዳትቀሩ። ለሥራ ባልደረባህ ለሂንድም ንገራት፤ የእሷን ለብቻው አዘጋጅቼዋለሁ» አሉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው «ስኳሩን ተወው፤ ሐኪሙ በቀን አንድ ማንኪያ ብሎ ሲከለክላቸው ጤፍ ውስጥ ብደብቀው አገኙት፤ አሁን ራሳቸው ቆለፉበት» ብለው አሁንም ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

ሎጁ ሲደርስ ያው የሳምንቱ ወሬ ጠበቀው። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚይዘው አረጋ፣ ኮምፒውተሩን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ከላዩ ላይ የደረቀ የጥድ ቅጠል አስቀምጦ፣ የገባና የወጣውን ዘይትና ሳሙና በካርቶን ጀርባ ላይ ይጽፋል። «ምነው አረጋ?» ሲለው «ሐዘን ላይ ነኝ። ሰዓቱን እንኳ ላስተካክለው ብል ፈቃድ የለህም ብሎ መለሰልኝ። ሰዓት! ፀሐይዋን አቁም ያልኩት ይመስል» አለው። እንግዳ ተቀባይዋ እየሩስ ደግሞ ከጥር ወር ሠርጓ ጀምሮ ስክሪኗ ላይ ያለው ፎቶ አልቀየር ብሎባት፣ ባሏ በሠርግ ኮቱ ሲስቅ ማየት እንደሰለቻት ለእያንዳንዱ እንግዳ ታወራለች። ከሁሉም የባሰችው ግን ሂሳብ ሠራተኛዋ ሂንድ ነች። የጋሸና ልጅ ናት፤ አባቷ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት አላቸው፤ ምላሷ እዚያው ነው የተሳለው። የእሷ ችግር እውነተኛ ነበር። ማተሚያው አዲስ ስለሆነ አንድ ወረቀት ባተመች ቁጥር የአድሚኑን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ቃለሕይወትም በየጊዜው መጥቶ፣ እሷን ፊቷን አዙሪ ብሎ፣ ይጽፍላታል።

«ቃሌ፣ ወረቀት ላትም ነው፤ ፍቀድልኝ። ወላሂ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ እጁን እንደሚያወጣ ተማሪ አደረግኸኝ።»

«የጥንቃቄ ጉዳይ ነው።»

«አብሽር፤ አታፍር፤ ወደድከው እኮ፤ ስጠራህ እንዴት አንገትህ እንደሚቀና አይቼዋለሁ።»

ቃለሕይወት ፊቱ ቀላ። ሐሰት አልነበረም። በትምህርት ቤትም በሠፈርም ማንም ምንም ለምኖት አያውቅም፤ አሁን ግን ሂንድ ብርቱዋ፣ እየሩስ አማላይዋ፣ ሥራ አስኪያጁ ጭምር ለትንሽዋ ነገር እሱን ይጠራሉ። ማተሚያውን አንድ ጊዜ አስተካክሎ ቢለቅላት የሚቻል መሆኑን ያውቃል። ነገ አደርገዋለሁ ሲል ሳምንት ሆነ።

አንድ የሚኮራበት ነገር ነበረው፦ ፓስወርዶቹ። ድሮ የኮምፒውተሮቹ ሁሉ ፓስወርድ የሎጁ ስልክ ቁጥር ነበር፤ እሱም በብጣሽ ወረቀት ስክሪኑ ግርጌ ላይ ይለጠፋል። እሱ ግን በዚያ ስብሰባ ላይ «ስማችሁ አይሁን፤ የልጃችሁ ስም አይሁን፤ ስልካችሁ አይሁን። ማንም ሰው የማይጠራችሁ፣ እናንተ ግን የማትረሱት ቃል ይሁን፤ ከኋላው ቁጥር ጨምሩበት» ብሎ ነበር። ሰዉም ለአንድ ጊዜ ታዘዘ። አረጋ ሲጽፍ ጋቢውን በራሱና በኮምፒውተሩ ላይ ተከናንቦ ነበር። እየሩስ እንግዶቹን ሳይቀር አስወጥታለች። ጋሽ ወርቅአገኘሁ በራቸውን ቆልፈው ነው የጻፉት። ቃለሕይወት ያን ማታ ደስ ብሎት ተኛ።

እኩለ ቀን ላይ የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳ። ቢሮው ጠባብ ነው፤ አንድ ወንበር ለባለቤቱ፣ አንድ ለባለጉዳይ፣ መስኮቱ ደግሞ ከገደሉ ማዶ ያሉትን የላስታ ተራሮች ሙሉ በሙሉ ያሳያል። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ግን ጀርባቸውን ለተራራው ሰጥተው፣ ፍላሿን በጣቶቻቸው መሐል እንደ መቁጠሪያ ያንከባልላሉ። ቃለሕይወትን ሲያዩ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁለት። የራሱን ስምና ፓስወርድ አስገባ፤ ሁለት ቦታ ላይ ነካ፤ በቃ። አንድ ሳምንት ሙሉ የተጨቃጨቁበት ነገር ለመፈጸም እንጀራ ቆርሶ የመጉረስ ያህል እንኳ አልፈጀም።

«አሁን ሙሉ ነኝ?» አሉ።

«ሙሉ ነዎት ጋሼ። ያው የድሮው ፓስወርድዎ ይሠራል።»

ደስታቸው ከአንገታቸው ተነሥቶ ጆሯቸው ድረስ ወጣ። ፍላሿን ሊሰኩ ሲሉ ስልካቸው ጮኸ፤ ጽጌማርያም ናቸው፤ ቄሱ መጥተዋል፣ ቤቱ ሞልቷል፣ ባለቤቱ የት አለ። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ፍላሿን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ ከዚያው ኪስ የጓጉንቸሩን ቁልፍ አውጥተው ለቃለሕይወት ሰጡት፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረጉት። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ንክኪ ነበር። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ሞቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ቃለሕይወት ግን እንደ ሰረቀው ነገር እየደጋገመ ኪሱን ይዳብስ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ግቢው በሸራ ተጋርዶ፣ አግዳሚው ዙሪያውን ተዘርግቶ፣ ማኅበርተኛው ጥግ ጥጉን ይዟል። ጽጌማርያም ወዲያው ጎትተው ወደ ውስጥ አስገቡት። ሂንድና ከእሷ ጋር የመጡት የሙስሊም ጎረቤቶች ሻይ ሊቀርብላቸው ነው፤ ስኳሩ ደግሞ ተቆልፏል። «ቁልፉን ሰጡህ አሉ» አሉት እጃቸውን ዘርግተው። ማን እንደነገራቸው አልገባውም። ሰጣቸው። ሂንድ ከበሩ ላይ ሆና አክስቱ ያን የሚያህል ጓጉንቸር ሲከፍቱ ስታይ ሳቋ አመለጣት፤ ስልኳን አውጥታም ፎቶ አነሣች። «ጽጌ፣ ይኼ ስኳር ነው ወይስ ታቦት?» አለቻቸው። «ዝም በይ አንቺ ጉድ፤ ሰው ይሰማል» አሉ፣ እሳቸውም እየሳቁ።

የማኅበሩ ነፍስ አባት ቄስ ደግሰው ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ የማስታወስ ችሎታቸው ግን አልደከመም። ዳቦው ተባርኮ ከመቆረሱ በፊት ተነሥተው ይጸልያሉ፤ በዚያ ጸሎት ውስጥም የማኅበርተኛውን ሁሉ የክርስትና ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ በሕይወት ያለውንም፣ የሞተውንም፣ የታመመውንም። ሰዉ በየወሩ ከመደጋገሙ የተነሣ ሰምቶት አያውቅም፤ በስሙ መጠራቱን እንኳ ልብ አይልም፤ ጆሮው ወደ ጸሎቱ ሐሳቡ ወደ ዳቦው ነው። ቃለሕይወትም ከበሩ አጠገብ፣ ከእየሩስና ከሂንድ ጎን ቆሞ፣ ማታ ስለሚደወለው ስልክ ያስብ ነበር።

«አቤቱ አገልጋይህን ወልደ ሰንበትን አስበው…»

ፊት ለፊቱ አረጋ የያዘውን ጠላ ጭኑ ላይ ደፋ።

«አገልጋይህን ወለተ ኪዳንን…»

እየሩስ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቃለሕይወት አየት አደረጋት፤ ከዚያ አረጋን አየ፤ አረጋ ሱሪውን መጥረግ ትቶ እንደተያዘ ሌባ ግራ ቀኙን ያያል። ሳቅ አፈነው። ማንም የማይጠራችሁ፣ እናንተ ግን የማትረሱት ቃል! ልጆች ሳሉ በውኃ ተነክረው የተሰየሙበት፣ በመንገድም በቢሮም ማንም የማይጠራው፣ ይኸው ቄሱ ግን በየወሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአደባባይ የሚያነቡት!

«አገልጋይህን ገብረ ጻድቅን፣ የዚህን ቤት ጌታ…»

እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው የቆሙት ጋሽ ወርቅአገኘሁ መዳፎቻቸውን ቀስ ብለው ጨበጡ። ቃለሕይወት ከንፈሩን ነከሰ፤ እንባው መጣ፤ ከዚህ በኋላ የአንድ ዓመት ሳቅ ለብቻው ተኝቶ የሚስቀው አለው። ጥበበኛው እሱ ነው፤ ኮሌጅ የተማረው እሱ ነው፤ ሰዉ ግን…

«የቤቱንም ልጅ፣ እናቱ ከሩቅ ሆና የምትለምንለትን፣ ለሥራው እንድንጸልይለት የተነገረንን አገልጋይህን ፍሥሐ ጽዮንን አስበው።»

ሳቁ ተገታ። ማኅበርተኛ አይደለም፤ ስሙን እዚህ አገር ማንም አያውቅም ብሎ ነበር። ጽጌማርያም በጥጋቸው ሆነው እጃቸውን ዘርግተው «አሜን» ሲሉ ከሁሉም በላይ የተሰማው የእሳቸው ድምፅ ነው። ለካ ሥራው እንዲጸናለት አዝነው፣ ለቄሱ ራሳቸው ነግረውለታል።

ከጎኑ ሹክሹክታ ተጀመረ።

«ምን ሆንሽ?» ሂንድ ናት።

«ምንም።»

«ስም ሲጠሩ ደነገጥሽ። አረጋም ጠላውን ደፋው። እየሩስ! ንገሪኝ እንጂ።»

«ፓስወርዴ ነው» አለች እየሩስ፣ ምስጢር ሆዷ ውስጥ አድሮ አያውቅም። «የክርስትና ስሜን ነው ያደረግኩት።»

የሂንድ ዓይን ከአረጋ ሱሪ ወደ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ጭብጥ እጅ፣ ከዚያም ወደ ቃለሕይወት ተጓዘ፤ ቃለሕይወትም ጣሪያውን ማየት ጀመረ። «ያ ረቢ፤ ሁላችሁም?» አለች ቀስ ብላ። «ቁጥሩስ?»

«ሃያ አንድ፤ የማርያምን። ለአረጋም እኔ ነኝ የነገርኩት፤ ጋሽ ወርቅአገኘሁም ጠይቀውኝ ነበር።»

«አንቺ ልጅ፣ ወርቅ ነሽ» አለች ሂንድ። ለብቻዋ የቀረበላትን ዳቦ በሶፍት ጠቀለለች፤ ጫማዋን አጠለቀች። «ሪፖርቴን ሳላትመው መጣሁ እኮ፤ ማታ ወይዘሮ ሙሉሃብት ይደውላሉ አይደል?» ብላ ለጽጌማርያም እጇን አውለብልባ ወጣች። ወዲያው ከግቢው ውጭ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ።

ቃለሕይወት ተከትሎ ሊሮጥ ፈለገ፤ ጸሎቱ ግን አላለቀም፤ ከጸሎት መሐል የሚወጣ ክርስቲያን ደግሞ በዚህ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ቄስ ደግሰው ለሞቱት ገቡ። ሙታኑ ብዙ ናቸው። በመጨረሻ ዳቦው ሲቆረስ ጋሽ ወርቅአገኘሁ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዘው እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው በአጠገቡ ቆሙ፤ የሌለ ብርጭቆ እየሞሉለት ጆሮው ላይ ጎንበስ አሉ።

«ያ ጠዋት የለመንኩህ ነገር።»

«አቤት ጋሼ።»

«መልሰህ ውሰደው።»

«አሁን?»

«አሁን ነው እንጂ! ከዚህ ቤት የወጣ ሰው ሁሉ የሎጁን በር በኪሱ ይዞ ነው የሚወጣው!»

ከሎጁ ተደውሎልን ነው ብለው ተያይዘው ወጡ። ባጃጅ አልተገኘም። የኮብል ድንጋዩን መንገድ ቁልቁል፣ አንዴ በሩጫ አንዴ በእርምጃ ወረዱት። ጋሽ ወርቅአገኘሁ የማኅበር ጋቢያቸውን እንደለበሱ ናቸው፤ ጫፉን ሰብስበው ብብታቸው ውስጥ ወሽቀውታል፤ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ «ምነው፣ በደኅና ነው?» ይላል፤ እሳቸውም «በደኅና ነው፣ በደኅና ነው» እያሉ ያልፋሉ። መታጠፊያው ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ።

«እኔን ሽማግሌውን ተወኝ» አሉ ወገባቸውን ይዘው። «ያ ፍሥሐ ጽዮን የተባለው ማነው?»

ቃለሕይወት መሬቱን አየ።

«እንዳትለኝ» አሉ። «እንዳትለኝ! የአንተም?»

«የእኔም ጋሼ። ግን ሃያ አንድ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ነው የጨመርኩት።»

ጋሽ ወርቅአገኘሁ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቷቸው አያውቅም፤ ጥርሳቸው አንዱ ጎድሎ እንደነበር እንኳ ገና ዛሬ ነው ያየው። እሱንም ሳቁ ያዘው፤ ሁለቱም መንገድ ዳር ቆመው፣ ሰው ምን ሆኑ እያለ፣ ሳቁ። ሳምንት ሙሉ ቤቱ ውስጥ የተከማቸው ዝምታ እዚያ ኮብል ላይ ፈሰሰ።

ሎጁ ሲደርሱ ሂንድ የሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ ናት። እግሯን አነባብራ፣ በሶፍት የጠቀለለችውን ዳቦ እየቆረሰች ትበላለች። ከፊቷ ስክሪኑን ሙሉ የያዘው ፎቶ ጓጉንቸር ነው፤ ያው የስኳሩ ጓጉንቸር፣ ከጀርባው የጽጌማርያም እጅ ይታያል፤ ጥጉ ላይ የተጻፈው የመግቢያ ስም ደግሞ የቃለሕይወት ነው። አጠገቧ የታተመ ሪፖርት ተቆልሏል።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ» አለች ሳትነሣ። «ፈቃድ ፈልጋችሁ ነው? ምክንያታችሁን ግለጹ፤ ይጠናል።»

«ተነሺ ከወንበሬ» አሉ ጋሽ ወርቅአገኘሁ፤ ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረውም።

«አንድ ነገር ላሳያችሁና እነሣለሁ።» የጓጉንቸሩን ፎቶ ዘወር አደረገችው። የመጪው ገና እንግዶች ዝርዝር መጣ፤ ከዚያ የሠራተኛው ደመወዝ፤ ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ለወይዘሮ ሙሉሃብት የጻፏቸው ደብዳቤዎች፤ በዚህኛው ላይ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አብሽሩ፣ አላነበብኩም። ግን ይኸው የገና እንግዶች፤ እዚህች ጋ ብነካ ባዶ ነው። እኔ ማተም ብቻ ነው የፈለግኩት። ለማተም ብዬ ሎጁን ሙሉ ወረስኩት። አስቂኝ አይደለም?»

ቃለሕይወት የበሩን መቃን ተደግፎ ቀረ። «የእኔንስ እንዴት ገባሽበት?»

«ሃያ አንድ ብል እምቢ አለኝ። ሃያ ሁለት አልኩ። አንተ ሁልጊዜ ከሰው አንድ ልቆ መታየት ትወዳለህ ቃሌ።» ከዚያ ሳቋን ትታ አየችው። «የሚያስፈልገውን ያህል ብለህ አልነበር? የእኔ ማተሚያ እኮ ያስፈልገኝ ነበር። ከሚያስፈልገው በታች ሰጥተህ ነው ሌባ ያደረግኸኝ።»

ቃለሕይወት ወንበሩን ተቀበላት፤ መጀመሪያ የራሱን ፓስወርድ ቀየረ፤ ሰው ሰጥቶት የማያውቀውን፣ ማንም የማይጸልይበትን ቃል ፈልጎ ብዙ አሰበ። ቀጥሎ የሂንድን ማተሚያ አንዴ አስተካክሎ ለቀቀው፤ ሁለተኛ እሱን እንዳትጠራ። ሲጨርስ ትንሽ ቅር አለው። ከዚያ ወደ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ዞረ።

«ተራ አድርገኝ» አሉ። «እንደ ሰዉ ሁሉ።» ኪሳቸውን ዳበሱና ፍላሿን አወጡ፤ አንዴ አገላብጠው አዩዋት፤ መዳፉ ላይ አኖሩለት። «ይችንም ለፊልም ቤቱ ልጅ መልስልኝ። መብራት ኃይልን ብዙ አምተነዋል።»

ሂንድን ዳቦዋ አነቃት፤ ሳል አስመስላ ወጣች።

ስልኩ የጮኸው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ተነሥተው ነው ያነሡት፤ ከወይዘሮ ሙሉሃብት ጋር ሲያወሩ ሁልጊዜ ቆመው ነው። ቃለሕይወት ሊወጣ ሲል በእጃቸው ጠቅሰው አስቀመጡት። ስለ ሪፖርቱ፣ ስለ ውኃው ታንከር፣ ስለ ገና እንግዶች ተነጋገሩ። ከዚያ አዳመጡ።

«ልጁ?» አሉ። ቃለሕይወት ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ልጁ ችኮ ነው እሜቴ። እልኸኛ ነው። ለማንም አይመለስም። ለእኔ እንኳ፣ ለአሳዳጊው፣ ፍላሽ አልከፍትም አለኝ… አዎ… እንዴ! እኔ ራሴ እኮ ነኝ ያዘዝኩት። ‹ለእኔም ቢሆን እንዳትፈቅድ› ብዬው ነበር። መሪ ሲጀምር ነው ሌላው የሚከተለው ብዬ… አዎን፣ ይቀጥል፤ ምን ጥያቄ አለው።»

ስልኩን ዘግተው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራውን አዩት። ቃለሕይወት የታዘዘ መሆኑን አሁን ገና መስማቱ ነው፤ ግን ጥሩ ትእዛዝ ነበር።

ማታ ማኅበርተኛው ተበትኖ፣ ሸራው ተጠቅልሎ፣ ሦስቱ ብቻ ቀሩ። ጽጌማርያም ሻይ ቀዱ። ጋሽ ወርቅአገኘሁ የሁሉ ባለቤት ሆነው ተዘርግተው ተቀምጠዋል፤ የቀኑን ሩጫ ለራሳቸው በሚስማማ መልኩ ሁለተኛ ጊዜ እየተረኩ ናቸው፤ በዚህኛው አተራረክ ባጃጁን የቀደሙት እሳቸው ናቸው። እየተረኩ ወደ ቁም ሣጥኑ እጃቸውን ሰደዱ። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው።

«ቁልፉን» አሉ ወደ ቃለሕይወት።

«እኔ ዘንድ የለም ጋሼ።»

ጽጌማርያም ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ከቀሚሳቸው አንገት ውስጥ በክር የተንጠለጠለ ቁልፍ መዘዙ፤ አልሰጧቸውም፤ በጣታቸው ይዘውት ቆሙ።

«ስንት ማንኪያ?» አሉ።

«እንዴት ስንት? ሦስት ነዋ።»

«ለምን ጉዳይ?»

ጋሽ ወርቅአገኘሁ ወደ ቃለሕይወት ዞሩ፤ ዓይናቸው ውስጥ ዛሬ መንገድ ዳር አብረው የሳቁት ሳቅ አሁንም አለ፤ የወዳጅነት ውለታ ይጠይቃል። «አንተ ልጅ፣ ንገራት እንጂ። አንተ የምታውቀው ነገር ነው።»

«እኔ በዚህ ላይ ሥልጣን የለኝም ጋሼ» አለ ቃለሕይወት፣ ሻዩን እየነፋ።

ጽጌማርያም ጓጉንቸሩን ከፈቱ። አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ከአፉ ሞልቶ እንዳይፈስ በጣታቸው አስተካክለው፣ በባላቸው ብርጭቆ ውስጥ ጨመሩ። ቆለፉት። ቁልፉንም ወደ ቦታው መለሱ። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ያችን አንድ ማንኪያ ብዙ ያማስሏት ጀመር፤ ብዙ ሲማሰል የሚበዛ መስሏቸው፣ ማንኪያው ብርጭቆውን እያንኳኳ።